ነጋድራስ አፈ ወርቅና የጦቢያ ታሪክ ነጋሪ

ለዚህ መጽሔት ከሚላኩልን አጫጭር ልብ ወለዶች ብዙዎቹ ስለ መርካቶ ልጆች የተጻፉ ናቸው። ሊስትሮው፣ ሱቅ በደረቴው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ከአውቶቡስ ተራ የመንገደኛ ሻንጣ ተሸክሞ የሚሮጠው ልጅ ባለታሪክ ይሆናል። ልጁ ይራባል፤ ይደበደባል፤ ወድቆ ያገኘውን ቦርሳ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ አለዚያም ክረምቱ ሳይወጣ በረንዳ ላይ ይሞታል። ይህን ሁሉ የሚነግረን ግን ልጁ ራሱ አይደለም። ከልጁ በላይ የቆመ፣ ስሙ ያልተነገረ አንድ ሰው አለ። ይህ ሰው የልጁን ሆድ ከልጁ ይልቅ ያውቃል፤ ያዝንለታል፤ ይመክረዋል፤ በመጨረሻም ይፈርድለታል ወይም ይፈርድበታል። ከጸሐፊዎቹ አንዳንዶቹ እዚያው አዲስ ከተማ ተወልደው፣ ምናለሽ ተራን እንደ ግቢያቸው እየተመላለሱበት ያደጉ መሆናቸውን ስለምናውቅ ነገሩ ይበልጥ ያስገርመናል። ብዕር ሲያነሡ ሰፈራቸውን በመኪና መስኮት አሻግሮ እንደሚያይ እንግዳ ሆነው ይገኛሉ።

ይህ ከላይ የቆመ ታሪክ ነጋሪ ወደ አማርኛ ልብ ወለድ የገባው መቼ ነው? በማን እጅስ ገባ? ይህን ስንፈልግ ሮማ ላይ በ1900 ዓ.ም. ከታተመች፣ መቶ ገጽ ከማትሞላ አንዲት መጽሐፍ ላይ ደረስን። ስሟ ልብ ወለድ ታሪክ ይባላል፤ በኋላ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ስትታተም ጦቢያ ተብላለች። በአማርኛ የመጀመሪያዋ ልብ ወለድ እርሷ ናት፤ ዛሬ ልብ ወለድ የምንለው የጽሑፍ ዓይነት ስሙን እንኳ ያገኘው ከእርሷ ነው። ባለታሪኮቿም ሁለት ወጣቶች፣ መንትያ እኅትና ወንድም ናቸው። እንግዲህ የደራሲውን የነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስን ሕይወት የምንተርከው ለሕይወታቸው ብቻ ብለን ሳይሆን፣ ወጣቶቹን ያየው ዓይን እንዴት ያለ ዓይን እንደ ነበረ ለማወቅ ነው።

ወደ ታሪኩ ሳንገባ አንድ ነገር እንናገር። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በመካከላችን ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሰውየውን አንቱ እንበላቸው ወይስ አንተ እንበለው? ለጠላት ያደረ ሰው አንቱታ አይገባውም ያሉ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ የሞተን ሽማግሌ አንተ ማለት ለተናጋሪው ነውር ነው አሉ። ክርክሩ ተራ የአክብሮት ክርክር ይመስላል፤ ግን የያዝነው ርእስ ዋና ነገር ነው። እንግሊዛዊ ደራሲ ስለ አንድ ወንድ ሲተርክ ለንጉሡም ለእረኛውም አንድ ተውላጠ ስም ይበቃዋል። አማርኛ ጸሐፊ ግን መጣ ወይም መጡ ብሎ ገና የመጀመሪያውን ግሥ ሲዘጋ ከባለታሪኩ በላይ ወይም በታች መቆሙን ገልጧል። ቋንቋችን ወገን ሳይይዙ መተረክን አይፈቅድም። እኛ በመጨረሻ በአንቱታው ጸናን፤ ያደግንበት ወግ ስለሆነ ነው እንጂ ስለ ሥራቸው ምስክር መስጠታችን አይደለም።

አፈ ወርቅ በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም. በዘጌ ተወለዱ። ዘጌ ወደ ጣና ሐይቅ ገባ ያለች፣ ቡናዋ በጫካ ጥላ ሥር የሚበቅል፣ የገዳማቷም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ አገር ናት። በዚያ አገር ያደገ ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ሥዕል ያነባል። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ አንድ የታወቀ ሕግ አለ፤ ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ኃጥእ፣ አረመኔና ሰይጣን ግን በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ክፉው ከምእመኑ ጋራ ፊት ለፊት እንዲተያይ አልተፈቀደለትም። ማን ጻድቅ፣ ማን ኃጥእ እንደ ሆነ ለመጠየቅ ቦታ የለም፤ ሠዓሊው ቀድሞ ፈርዶ ጨርሷል።

አፈ ወርቅ የ19 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ በ1887 እ.ኤ.አ.፣ ሥዕል ሊማሩ ወደ ኢጣልያ ሄደው ቶሪኖ ከተማ ገቡ። እዚያ የጠበቃቸው ሥዕል ሌላ ሕግ ነበረው። የአውሮጳ ሠዓሊ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከቆመበት ቦታ የሚታየውን ብቻ ይሥላል፤ የቀረበው ይተልቃል፣ የራቀው ያንሳል፣ የተጋረደው አይታይም። በዘጌ ግድግዳ ላይ ቅዱሱ ከሁሉ የሚተልቀው ቅዱስ ስለሆነ ነው። በቶሪኖ ግን ሰው የሚተልቀው ለሠዓሊው ስለ ቀረበ ነው። አንድ ወጣት ይህን በአንድ ዓመት ውስጥ ሲማር በልቡ ምን እንደሚለወጥ መገመት አያዳግትም።

ትምህርታቸውን አግኝተው ሲመለሱ የእንጦጦን ቤተ ክርስቲያን እንዲያስጌጡ ታዘዙ። በቤተ መንግሥት ግን ኑሮ አልተመቻቸውም፤ ከእቴጌ ጣይቱ ጋራ ተጣልተው እንደ ነበርም ይነገራል። በ1894 እ.ኤ.አ. የምኒልክ አማካሪ ከነበረው ከስዊሱ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋራ እንደ ገና ወደ አውሮጳ ተሻገሩ። አብረዋቸው ለትምህርት የተላኩ ወጣቶች ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዱ የራስ ዳርጌ ልጅ ጉግሣ ነበር። ማረፊያቸውም ኑሻቴል ሆነ። ወዲያው የኢጣልያ ጦርነት መጣ። በዚያን ጊዜ አፈ ወርቅና ወጣቶቹ ከስዊስ ወጥተው ወደ ጠላት አገር ወደ ኢጣልያ ገቡ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዐድዋ ድል ስታደርግ እነሱ በተሸናፊው አገር ነበሩ።

ይህ ብቻውን ለአንድ አጭር ልብ ወለድ ይበቃል። ባለታሪኩ አፈ ወርቅ ቢሆን የምናገኘው የከዳተኛ ታሪክ ነው። ባለታሪኩ ጉግሣ ቢሆን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለትምህርት የተላከ ወጣት፣ ቋንቋውን ገና ባልለመደው አገር፣ በዕድሜና በዕውቀት ከሚበልጠው ሰው ጋራ ሆኖ አንድ ቀን ባቡር ይሳፈራል፤ ባቡሩ የት እንደሚያወርደው ሙሉ በሙሉ የሚያውቀው ሰው ግን ሌላ ነው። የተፈጸመው ነገር አንድ ሲሆን ታሪኩ ሁለት ይሆናል። አፈ ወርቅ በኋላ ባለታሪኮቻቸውን ወጣቶች አድርገው ሲመርጡ ይህ ነገር በልባቸው ነበረ ብለን አንምልም፤ ግን ልብ ወለዳቸውን ስናነብ ከአእምሯችን አልጠፋም።

ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በናፖሊ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም ከፕሮፌሰር ፍራንቼስኮ ጋሊና ጋራ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። ኢጣልያዊት ሴት አገቡ። በ1905 እ.ኤ.አ. ለኢጣልያኖች የአማርኛ ሰዋስው አሳተሙ። ከዚያ በኋላ በ1908 እና በ1909 እ.ኤ.አ. ብቻ ሦስት መጻሕፍት ተከታተሉ። አንደኛው ለመንገደኛ የተዘጋጀ፣ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈ የንግግር መምሪያ ነው፤ በጭውውት መልክ የተጻፈ ሲሆን በውስጡ የአገራችን አስተዳደር በብርቱ ይነቀፋል። ሁለተኛው ዳግማዊ ምኒልክ የተባለው የንጉሠ ነገሥቱ ታሪክ ነው፤ ይህ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ምስጋና ነው። ሦስተኛዋ ጦቢያ ናት። አንድ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ አንዱን አገር በአንድ መጽሐፍ ነቀፈው፣ በሌላው አመሰገነው፣ በሦስተኛው አገርም ዘመንም የሌለው ተረት አደረገው። የሚገርመው እርስ በርስ መቃረኑ አይደለም። በመምሪያው ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ በታሪኩ ደራሲው ከዙፋን ሥር ቆሞ ወደ ላይ ያያል፤ በጦቢያ ግን ከሰማይ ወደ ታች ያያል። ባለሙያው ዓይኑን እንደ ሥራው ይለዋውጣል።

የጦቢያ ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ የክርስቲያን ጦር አለቃ ከአረመኔ ጦር ጋራ ተዋግቶ ድል ይሆንና ይማረካል፤ በባርነትም ይወድቃል። አንድ የማያውቀው ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል፤ ምላሽም ሳይጠብቅ መንገዱን ይቀጥላል። የጦር አለቃው ቤቱ ሲገባ ልጁ ዋሕድ ያንን ደግ ሰው ፈልጎ የአባቱን ዕዳ ሊከፍል ይነሣል። ልጁ ግን መንገድ ላይ በባሪያ ፈንጋይ እጅ ወድቆ እሱ ራሱ ይሸጣል። አባትና እኅት ሊፈልጉት ይወጣሉ፤ እኅቲቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። መንገዱም ወደ አረመኔው ንጉሥ ያደርሳቸዋል፤ ንጉሡም ይራራላቸዋል። ከንጉሡ ወገን የሆነች ራማ የምትባል ቆንጆ ጦቢያ ወንድ ትመስላትና በፍቅር ትያዛለች። ምስጢሩ ይገለጣል፤ ንጉሡ ጦቢያን ይወዳል፤ በእርሷም ምክንያት ክርስትና ይነሣል። ዋሕድ ይገኛል። ጦቢያ ንጉሡን፣ ዋሕድ ራማን ያገባሉ።

ተረት ነው ብሎ የሚያልፈው አንባቢ አለ፤ ተረትነቱንም አንክድም። ነገር ግን እያንዳንዱን ነገር ማን እንደሚያውቅ እንመልከት። አባትየው የነጻ አውጪውን ማንነት አያውቅም። ዋሕድ እኅቱ እንደምትፈልገው አያውቅም። ራማ የወደደችው ወንድ ሴት መሆኑን አታውቅም። ንጉሡ እንግዳው ወጣት ማን እንደ ሆነ አያውቅም። አንድም ሰው ሙሉውን አያውቅም፤ ሙሉውን የሚያውቁ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ታሪክ ነጋሪውና እኛ አንባቢዎች። ነጋሪው አጠገቡ አስቀምጦን፣ ወጣቶቹ በጨለማ ሲደናበሩ ከላይ ሆነን እንድናይ ያደርገናል። መጽሐፉን የማያስለቅቅ ያደረገው ይኸው ነው። ጦቢያ ሴት መሆኗን እኛ አስቀድመን ባናውቅ ኖሮ የራማ ፍቅር ተራ ፍቅር ይሆን ነበር፤ በማወቃችን ግን ሳቅም ሐዘንም ይመጣብናል።

እዚህ ላይ ደግሞ የአማርኛ ግሥ እንደ ገና ይመጣል። ቋንቋችን አክብሮትን ብቻ ሳይሆን ጾታንም በየግሡ ያስመሰክራል። በሁለተኛው መደብ ሳይቀር፣ አንቱ ካልተባለ በቀር፣ ና ወይም ነይ ሳይባል አንድ ሰው አይጠራም። እንግዲህ ራማ ጦቢያን በምታናግርበት ጊዜ ሁሉ በወንድ ግሥ ማናገሯ ግድ ነው፤ አንባቢው ደግሞ እውነቱን ስለሚያውቅ እያንዳንዱ ግሥ በጆሮው ሁለት ጊዜ ይደውላል። በእንግሊዝኛ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ጾታቸው በግሡ አይታወቅም፤ ስለዚህ ይህ ጨዋታ እንደኛው አይሆንም። ታደሰ ታምራት መጽሐፏን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመዋት ነበር፤ ያንን ትርጉም የሚያነብ የውጭ አገር ሰው የራማን ስሕተት በታሪኩ ይረዳዋል እንጂ በግሡ አይሰማውም። እኛ በተወለድንበት ቋንቋ በነጻ ያገኘነው ሀብት ነው። አፈ ወርቅ የሰዋስው መምህር ነበሩና፣ የወንድ ልብስ የለበሰች ልጃገረድ በአማርኛ ውስጥ ምን እንደምታደርግ ሳያውቁ መረጧት ለማለት ይቸግረናል።

አሁን ወደ ዘጌ ግድግዳ እንመለስ። በጥንቱ ሕግ ቢሆን የአረመኔው ንጉሥ በአንድ ዓይን መሣል ነበረበት። አፈ ወርቅ ግን ሁለት ዓይን ሰጡት። ንጉሡ ይራራል፤ ያፈቅራል፤ ከድል በኋላ ያሸነፈውን ሰው ቀና ብሎ ያየዋል። እርግጥ ነው በመጨረሻ ክርስቲያን ይሆናል፤ ደራሲውም ከዚያ ያለፈ ድፍረት አላሳዩም። ነገር ግን ክርስትና ከመነሣቱ በፊት ደግ ሆኖ መታየቱ በዚያ ዘመን ለነበረ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ቀላል ነገር አልነበረም። ጠላትን ፊት ለፊት ማየት የቻለ ታሪክ ነጋሪ ወደ አማርኛ ጽሑፍ የገባው በዚህች መጽሐፍ ነው። ከእኛ አንዱ እንዳለው፣ ወንበዴውን በአንድ ዓይን ብቻ እየሣሉ የሚልኩልን ደራስያን ከዚህ ቢማሩ መልካም ነበር፤ በታሪኮቻቸው የመርካቶ ኪስ አውላቂ ሁልጊዜ ከጎኑ ነው የሚታየው።

ለነጋዴውም እንዲሁ አድርገዋል። በዚያን ዘመን አስተሳሰብ ክብር የጦረኛና የካህን ነበር፤ ንግድ እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይታይ ነበር። በጦቢያ ግን ጦረኛው ተማርኮ ይሸጣል፤ ነጻ የሚያወጣው ነጋዴ ነው፤ የወጣቱም ጉዞ ሁሉ ለነጋዴ ውለታ የሚደረግ ጉዞ ነው። ወላጆቻችን ከሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

የማንወድላቸው ግን አለ፤ እሱም የዋሕድ ነገር ነው። ጦቢያን ከሞላ ጎደል በየመንገዱ እንከተላታለን። ዋሕድን ግን ከተሸጠ በኋላ የምናውቀው እንደ ጠፋ ሰው ነው፤ የሚፈለግ፣ የሚለቀስለት፣ በመጨረሻም የሚገኝ። ገመዱ አንገቱን ሲነካው ምን አሰበ? ገዢው ጥርሱን ሲመረምር ወዴት አየ? ከእሱ ጋራ ከሚነዱት መካከል የማንን ቋንቋ ሰማ? ይህን ሊነግረን የሚችለው ከላይ የቆመው ነጋሪ አይደለም፤ ዋሕድ ራሱ ነው። የባሪያ ንግድ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ተረት አልነበረም። በአገራችን በገሃድ ይካሄድ ነበር፤ ባርነትን ፈጽሞ የሚሽረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ያን ክፉ ነገር በስም ጠርተው በመጽሐፍ ማስገባታቸው ይመሰገናል። ሆኖም አንባቢው የሚያለቅሰው ለተሸጠ ሰው ሳይሆን ለተሸጠ የጨዋ ልጅ ነው። ዓይኑ ከላይ ስለሆነ የሚያየው የታወቀውን ራስ ብቻ ነው፤ ከአጠገቡ ያሉት ራሶች አንድ ላይ ተደባልቀውበታል።

ይህ ችግር የአፈ ወርቅ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን ረግጦ ሳያውቅ በ1759 እ.ኤ.አ. ራሴላስ ስለተባለ የሐበሻ ወጣት ልዑል ልብ ወለድ ጽፏል፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ልዑሉ ወጣት ነው፤ የሚናገረው ግን እንደ ለንደን ሽማግሌ ነው። በአንጻሩ አሜሪካዊው ማርክ ትዌን በ1884 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ሀክልቤሪ ፊን የተባለውን ልጅ ራሱን አስቀምጦ ታሪኩን በራሱ ስሕተተኛ አነጋገር አስተረከው። ልጁ የሚያየው ትንሽ ነው፤ የሚገባውም ከዚያ ያነሰ ነው፤ የኮበለለውን ባሪያ ጂምን መርዳቱ ኃጢአት ይመስለዋል። ደራሲው ግን አያርመውም፤ እውነቱን የሚያየው አንባቢው ነው። በጦቢያ አንባቢው ከወጣቶቹ ይበልጥ የሚያውቀው ነጋሪው ስለ ነገረው ሲሆን፣ በዚህኛው ማንም ሳይነግረው በራሱ ይደርስበታል። አፈ ወርቅ ይህን መንገድ አልሞከሩትም፤ በቤታችንም የነበረው የተረት፣ የገድልና የታሪከ ነገሥት ወግ ወደዚያ አልመራቸውም። ተረት የሚነግር ሽማግሌ እኔ ጥንቸሏ ነኝ ብሎ አይጀምርም።

የአፈ ወርቅ ዓይን በራሳቸው ዘመንም ተቺ አላጣም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ በተባለው፣ አስመራ ላይ በ1912 እ.ኤ.አ. በታተመው ጽሑፋቸው፣ ዳግማዊ ምኒልክን የመሰለ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ የሚያደርግ ታሪክ ነቅፈዋል። ለገብረ ሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ከማንም በታች ወይም በላይ ሊቆም አይገባውም ነበር። የሁለቱ ሰዎች መንገድ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ መገናኘቱ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው፤ ገብረ ሕይወት በድሬዳዋ ጉምሩክ በነጋድራስነት ሠርተው በ1919 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው በድሬዳዋ የነጋድራስነት ወንበር ላይ የተቀመጡት አፈ ወርቅ ሆኑ። የደጉን ነጋዴ ተረት የጻፉት ሰው የነጋዴዎች ሹም ተባሉ። ከዚያ በፊት በኤርትራ ራሳቸው ንግድ ሞክረው ነበርና ሥራው እንግዳ አልነበረም። ቀጥሎ የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ የሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ በሮማ የኢትዮጵያ መንግሥት መልእክተኛ ሆነው ተሾሙ።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አዲስ አበባን ስትይዝ አፈ ወርቅ ዕድሜያቸው ወደ 70 ተጠግቶ ነበር። ከወራሪው ጋራ ተባበሩ። አፈ ቄሣር የሚል ማዕረግ ተሰጣቸው። በአገራችን ሥርዓት አፈ ንጉሥ በንጉሡ ስም የሚፈርድ ታላቅ ዳኛ ነበር፤ ኢጣልያኖች ማዕረጉን ወስደው በንጉሡ ቦታ ቄሣርን አስገቡበት። ወርቅ ተብሎ የተሰየመ አፍ የቄሣር አፍ ሆነ። ስለዚህ ነገር ብዙ ተጽፏል፤ እኛ የምንጨምረው ፍርድ የለም፤ ጥፋታቸውንም ለማቅለል አንሞክርም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጀመረው ጭፍጨፋ ስንት ሺህ ሰው ያለቀባት ከተማ ናትና።

በእነዚያው ዓመታት ነው መርካቶ የተፈጠረው። ኢጣልያኖች የከተማዋን ፕላን ሲያወጡ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር አሰቡ። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን የአራዳን ገበያ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ ቦታውንም የአገሬው ገበያ አሉት። ሰፈሩ አዲስ ከተማ ተባለ፤ ገበያው በኢጣልያንኛው ቃል መርካቶ ተብሎ ቀረ። አፈ ቄሣር የሚለው ስም በ1933 ዓ.ም. ከጠላት ጋራ ጠፋ፤ መርካቶ የሚለው ስም ግን በሕዝቡ እጅ ገብቶ ከጌታው ይልቅ ዕድሜ አገኘ። የፕላኑ ባለቤቶች ገበያውን ከላይ፣ በወረቀት ላይ፣ በቀጥታ መስመር አይተውት ነበር። ሕዝቡ ገብቶ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ጭድ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያለ ከታች በእግሩ ሰየመው። ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ተጎራብተው የቆሙበት፣ ከየአውራጃው የመጣ ነጋዴ በየቋንቋው የሚከራከርበት ገበያ በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ስለ መርካቶ ልጅ ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች፣ ስንጽፍ ወረቀቱን እናያለን ወይስ ተራውን የሚለው ጥያቄ ስለዚህ የጥበብ ጥያቄ ብቻ አይመስለንም።

ነጻነት ሲመለስ አፈ ወርቅ ተያዙ፤ ተፈረደባቸውም፤ ወደ ጅማ በግዞት ተላኩ። እዚያው በመስከረም 1940 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው ሞቱ። ዘጌ ላይ ከቡና ሥር ተወልደው በሌላ የቡና አገር አረፉ። ስለ መጨረሻ ዓመታቸው ረጅም ነገር ለመጻፍ አልፈለግንም፤ ከመካከላችን አንዱ በዚህ ቦታ የሽማግሌውን ጸጸት በዝርዝር ጽፎ አምጥቶ ነበር፤ በጣም የሚያምር ጽሑፍ ነበረ፤ ግን ስለ ሰውየው ልብ የተጻፈው ሁሉ ከጸሐፊው ልብ የመጣ ስለ ነበረ አወጣነው። የምንነቅፈውን ነገር እኛው ስንሠራ መገኘት አልወደድንም።

መጽሐፏ ግን ከደራሲዋ ጋራ አልተገዛችም። ልጅቱ ስሟ ጦቢያ መሆኑ፣ ይኸውም የኢትዮጵያ ስም በሕዝብ አፍ ሲጠራ መሆኑ፣ ለብዙ አንባቢ ከደራሲው ታሪክ ይልቅ ከበደ። አንዳንዶቹ ወንድሟን የምትፈልገውን፣ አረመኔውን በፍቅር የምትመልሰውን ልጅ አገሪቱ ራሷ ናት ብለው ተረጎሟት። ሌሎቹ ደግሞ ከድል በኋላ ለገዢ መዳርን የሚያስተምር መጽሐፍ ነው ብለው ጠረጠሯት። ሁለቱም ትርጉም የሚቻለው ታሪክ ነጋሪው ከማንም ጋራ ስላልቆመ ነው፤ ከላይ የሚያይ ዓይን ለሁሉም እኩል ይርቃል። ሰውየውም እንዲሁ ነበሩ ለማለት እንፈተናለን፤ በዘጌ የቤተ መንግሥት ሰው፣ በቤተ መንግሥት ኢጣልያን የተማረ፣ በናፖሊ ሐበሻ፣ በመጨረሻም በገዛ አገራቸው የቄሣር አፍ። ጠላትን በሁለት ዓይን መሣል የቻለው እጅ ነው ለጠላት ያደረው። የመጀመሪያውን ስናደንቅ ሁለተኛውን መርሳት አልቻልንም፤ ሁለተኛውን ስናወግዝም የመጀመሪያውን መጣል አልሆነልንም። ክርክሩ ይህ ጽሑፍ ለማባዣው ክፍል እስከ ተሰጠበት ቀን ድረስ አላለቀም።

ለሚቀጥለው እትም የሚላኩ አጫጭር ልብ ወለዶች ከ4 ገጽ ባይበልጡ እንመርጣለን። ስለ መርካቶ የሚጽፉ ጓደኞቻችን አንድ ነገር እንዲሞክሩልን እንለምናለን። ሊስትሮው ራሱ ይናገር። ከተቀመጠባት ዱካ ላይ ሆኖ የሚያየው ጫማን ነው እንጂ ፊትን አይደለም፤ ሰውን በሶሉና በጭቃው ይለያል፤ ባለጫማው በስልክ የሚያወራውን ግማሹን ይሰማል፤ ግማሹን አይገባውም። እሱ ያላወቀውን እናንተም አትንገሩን። ባለጫማውን አንቱ ይበለው ወይስ አንተ የሚለውንም ለልጁ ተዉለት።